መጀመሪያ ልቅጠን ወይስ ልሩጥ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 38፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል የቢሮ ሥራ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ ደግሞ 96 ኪሎ ደርሷል። ባለፈው ወር ቆርጬ ተነሣሁና ሐይቁ ዳር መሮጥ ጀመርኩ። ሰው እንዳያየኝ ገና ሳይነጋ እየወጣሁ፣ አምስት ቀን በተከታታይ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ሮጥኩ። ጓደኛዬ ስብ ያቀልጣል ስላለችኝ ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር። በስድስተኛው ቀን ቅልጥሜ በውስጥ በኩል አላስረግጥ አለኝ፤ ደረጃ ስወርድም ጉልበቴን ያመኛል። አሁን አቁሜያለሁ። ባለቤቴ ‹መጀመሪያ ክብደትሽን ቀንሺ፣ ከዚያ ትሮጫለሽ› ይለኛል። እህቴ ደግሞ ‹ጉልበትሽን ታበላሺዋለሽ፣ ተዪው› ትላለች። ዐቢይ ጾምም እየመጣ ነው፤ እጾማለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህታችን፣ እግርዎን ያሳመመው የጀመሩበት መንገድ ነው። ክብደትዎ ጫናውን ማክበዱ አይካድም፤ ነገር ግን አምስት ቀን ሳያርፉ ትንፋሽ እስኪያጥር መሮጥ፣ ሮጦ የማያውቅ የ60 ኪሎ ሰውንም አልጋ ላይ ያውላል። እስኪቀጥኑ መጠበቅ የለብዎትም። መተውም የለብዎትም። ለጊዜው ሩጫውን ትተው በእርምጃ እንደ አዲስ ይጀምሩ፤ ከዚያ ሶምሶማውን በሰከንድ እየቆጠሩ ያስገቡት።

ለምን እንደዚህ እንደምንል እናስረዳ። ሰው ሲራመድ አንዱ እግሩ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። ሲሮጥ ግን በየእርምጃው ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ይነሡና መላው ሰውነቱ በአንድ እግር ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት እግሩን የሚያገኘው ጫና ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። በእርስዎ ሲሰላ ከ190 እስከ 290 ኪሎ መሆኑ ነው። በሃያ ደቂቃ ሶምሶማ ውስጥ 3,000 ያህል እርምጃ አለ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እግርዎ ያንን ጫና በየቀኑ 1,500 ጊዜ ተቀብሏል። አጥንትና ጅማት ይህን መሸከም ይማራሉ፤ የሚማሩት ግን በሚያርፉበት ቀን ነው። እርስዎ ደግሞ ያን ቀን አልሰጧቸውም።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት ሌላም ነገር አለ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይበረታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ የተመቸው ሰው «በቃ ተላመድኩ» ብሎ ደቂቃውን በእጥፍ ይጨምራል፤ ቅልጥሙም ተረከዙም በዚያው ሰሞን ይታመማል። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢቀሩ ይህን ይያዙ፦ የሚጨምሩት ትንፋሽዎ ሲፈቅድ ሳይሆን እግርዎ ሲፈቅድ ነው።

እህትዎ ስለ ጉልበት ያሉት ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ሆኖም መጠነኛ ሩጫ ጤነኛ ጉልበትን እንደማይበላ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ከባድ ሰውነት ይዞ ሳይንቀሳቀሱ መኖር ነው። በተቃራኒው፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አንድ ኪሎ መቀነስ ሲራመዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በየእርምጃው በ4 ኪሎ ያህል ያቀልላል። ሁለትና ሦስት ኪሎ ብቻ ቢቀንሱ እንኳ ደረጃ ሲወርዱ ልዩነቱን ያውቁታል።

አሁን ወደ ሥራው። ከመጀመርዎ በፊት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ግፊትዎንና በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ያስለኩ። ክብደትዎ በኪሎ፣ በሜትር ለተለካው ቁመትዎ ካሬ ሲካፈል (ቢኤምአይ የሚባለው መለኪያ) 36 ይመጣል፤ ከ30 በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ስለሚባል ግፊትና ስኳር ሳይታወቅ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ግፊት ሲለኩ ደረጃ ወጥተው እንደገቡ አይሁን፤ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ይረፉ። 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይከታተልዎ፤ እርምጃውን ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመር ይቻላል። 180 በ110 ከደረሰ ታክሞ ሳይወርድ ሩጫ አይታሰብም። የባዶ ሆድ ስኳር 126ና ከዚያ በላይ ከሆነም ምርመራው ተደግሞ ይረጋገጥ። ደረጃ ሲወጡ ደረት የሚያፍን ወይም የሚጫን ስሜት፣ ራስን መሳት፣ ሲተኙ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ ሰው ካለ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ቅልጥምዎን ደግሞ ቤትዎ ተቀምጠው ራስዎ ይፈትሹት። በአውራ ጣትዎ የቅልጥሙን አጥንት የውስጥ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ላይ እየተጫኑ ይውጡ። ሕመሙ በመዳፍ ርዝመት ያህል ተዘርግቶ ከተሰማዎት አጥንቱን የሸፈነው ሥሥ ሽፋንና ጡንቻው ተቆጥተዋል ማለት ነው፤ ይህ ጀማሪ ላይ የሚበዛው ዓይነት ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ከሩጫ ሲያርፉ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሕመሙ አንድ ሳንቲም በሚያክል ቦታ ላይ ብቻ ተሰብስቦ ሲጫኑት የሚያስጮህ፣ ሌሊት ተኝተው የሚያምዎት፣ ወይም በአንድ እግር ቆመው ዝቅ ብሎ መዝለል የሚከለክልዎት ከሆነ ግን አጥንቱ ላይ ሥሥ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል ሆስፒታል ይሂዱ። ሲሄዱም «ሩጫ ጀምሬ ነው የመጣብኝ» ብለው ይናገሩ፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ብቻ ወደ ሩጫ መመለስ የለብዎትም።

የሕመም ማስታገሻ ውጠው አይሩጡ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፋርማሲ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ሕመሙን ያፍኑታል እንጂ ጉዳቱን አያቆሙትም። ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ግፊት ይጨምራሉ፤ ኩላሊትም ይጎዳሉ።

ቅልጥሙ ሲጫኑት ማሳመሙን ሲተውና ደረጃ ያለ ሕመም ሲወርዱ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በእርምጃ ብቻ ያሳልፉ። በሳምንት 4 ቀን፣ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 35፣ በሦስተኛው ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። እርምጃው የገበያ እርምጃ አይደለም፤ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ፍጥነት ነው። ባሕር ዳር ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ ሜዳ ናት፣ መንገዷም ሰፊ ነው። አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንደ መለኪያ ይጠቀሙበት። ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ ተሻግሮ መመለስ 760 ሜትር ነው። መጀመሪያ ላይ በ9 ወይም በ10 ደቂቃ ይጨርሱት ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ሳያለከልኩ ወደ 8 ደቂቃ ገደማ ካወረዱት እግርዎ ለሶምሶማ እየተዘጋጀ ነው። ወደ ቤዛዊት የሚወስደውን ዳገት ለጊዜው ይተዉት። ዳገቱ የሚፈትነው ትንፋሽ ነው፤ እርስዎን የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ የጭን ጡንቻ ሰውነትን እየያዘ ስለሚያቆም የጉልበት ሎሚ ላይ ጫናው ይበረታል።

ብዙ ሰው «አስፋልት ጉልበት ይጎዳል» ብሎ ወደ ኮብልስቶን ወይም ወደ መንገዱ ጠርዝ ይወጣል። ደልዳላ አስፋልት ከወጣ ገባ ኮብልስቶን ለጀማሪ ይሻላል። የሚያስፈራው ቁርጭምጭሚት መዞር ነው። የመንገዱ ጠርዝ ውኃ እንዲያፈስ ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ ሁልጊዜ በአንዱ ወገን ከሮጡ አንዱ እግር ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ደልዳላውን የእግረኛ መንገድ ያስቀድሙ፤ ከሌለ ባጃጅና መኪና ፊት ለፊትዎ የሚታይበትን ጎን ይምረጡ። 400 ሜትር መም ያለበት ሜዳ ውስጥ የመግባት ዕድል ካገኙ ለሶምሶማ ቀናቱ ከሁሉም ይመረጣል፤ ርቀቱም ይታወቃል፣ የሚያደናቅፍም የለም።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሶምሶማ ይገባል። ቀናቱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይሁኑ፤ በመካከላቸው የግድ አንድ ቀን ያለ ሩጫ ይለፍ። በእያንዳንዱ ቀን መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይራመዱ። ከዚያ 30 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፤ ይህን 8 ጊዜ ይደጋግሙ። በመጨረሻ 5 ደቂቃ ቀዝቀዝ ብለው ይራመዱ። ሁሉም ተደምሮ 31 ደቂቃ ይሆናል፤ የሮጡት ግን 4 ደቂቃ ብቻ ነው። «ይቺ ምን ታደርጋለች» ማለትዎ አይቀርም። ግን 4 ደቂቃ ሶምሶማ 600 ያህል እርምጃ ነው፤ ለ96 ኪሎ እግር የመጀመሪያ ቀን በቂ ትምህርት ነው። በአምስተኛው ሳምንት 10 ጊዜ ይድገሙት። በስድስተኛው ወደ 1 ደቂቃ ሶምሶማና 2 ደቂቃ እርምጃ ይለውጡት፣ 6 ጊዜ ብቻ፤ በሰባተኛው 8 ጊዜ። ስምንተኛው ሳምንት የዕረፍት ሳምንት ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ እርምጃ ብቻ፣ ሐሙስ የስድስተኛውን ሳምንት ልምምድ ይሥሩ። ይህ ሳምንት ትርፍ ስለሚመስል ብዙዎች ይዘሉታል፤ እባክዎ እንዳይዘሉት፤ አጥንትዎ የሚጠገንበት ነው።

ከዘጠነኛው ጀምሮ 2 ደቂቃ በ2 ደቂቃ፣ 5 ጊዜ፤ በአሥረኛው 6 ጊዜ። በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሁለተኛው 3 ደቂቃ ሶምሶማ በ2 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ጊዜ። ከዚያ አንድ የዕረፍት ሳምንት፣ ቀጥሎም 5 ደቂቃ በ2 ደቂቃ፣ መጀመሪያ 3 ጊዜ፣ በኋላ 4 ጊዜ። አንድ ሳምንት ከከበደዎት ይድገሙት፤ ሁለት ጊዜም ቢደግሙት ምንም አይደለም። ታመው ወይም ልጅ ታሞብዎት ሁለት ሳምንት ከቀሩ፣ ካቆሙበት ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምሩ። ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጡ መሮጥ አምስትና ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል። መካከል ላይ እየተራመዱ መቀጠልም ራሱን የቻለ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ዕድሜ ልክ በዚያው ቢቀጥሉ ልብዎም ግፊትዎም ጥቅሙን ያገኙታል።

አሁን ስለ ፍጥነቱ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሶምሶማው ከፈጣን እርምጃዎ ብዙም ሊፈጥን አይገባም፤ አንዳንዴ እኩል ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሶምሶማ እያሉ «አባታችን ሆይ»ን ድምፅ አውጥተው ይበሉ። በየሐረጉ አንዴ እየተነፈሱ እስከ መጨረሻው ከደረሱ ፍጥነቱ ልክ ነው። በየቃሉ መካከል ከተቋረጡ ፈጥነዋል፤ ያርግቡት። እርምጃዎን ያሳጥሩ። እግርዎ ከፊትዎ ርቆ ሳይሆን ከዳሌዎ ሥር ይረፍ፤ ርቆ በተረከዝ ሲያርፍ ጫናው ቀጥታ ወደ ቅልጥምና ጉልበት ይሄዳል። አስፋልቱ ላይ «ጧ ጧ» የሚል ድምፅ ከሰሙ እርምጃዎ ረዝሟል። ድምፁ እስኪጠፋ ያሳጥሩት። ትከሻዎን ይልቀቁ፣ ጭብጥዎን አያጥብቁ፣ አንገትዎን አቀርቅረው እግርዎን ሳይሆን 15 ሜትር ያህል ከፊትዎ ያለውን መንገድ ይዩ።

ሰኞና ዓርብ ቤት ውስጥ አሥር አሥር ደቂቃ ጡንቻ ያጠንክሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ ተነሡ፣ ተቀመጡ፤ ትንሽ አርፈው ይድገሙት። ግድግዳ ይዘው በጣት ጫፍ 12 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይበሉ፤ ሲወርዱ ቀስ ብለው እስከ ሦስት እየቆጠሩ። ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ተረከዝዎ መሬት ላይ እንዳለ የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይ 15 ጊዜ ያንሡ፤ ቅልጥምዎን የሚጠብቀው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አይተዉ። በጀርባ ተኝተው ጉልበት አጥፈው ዳሌ ማንሣትም 10 ጊዜ ይጨምሩ።

በልምምዱ ላይ የሚሰማዎትን ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡት። እስከ 3 ድረስ ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ይቀጥሉ። ከ3 ካለፈ፣ እየሮጡ ከጨመረ ወይም ካስነከሰዎት በዚያው ቀን ያቁሙና ተራምደው ይመለሱ። ሁለቱም ጭኖችዎ በእኩል ከታመሙ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ብሰው በሦስተኛው ቀን ከለቀቁ የጡንቻ ድካም ነው፤ አያስፈራም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዝን ውስጥ እግር በኩል ከወጉ የውስጥ እግር ጅማት ተቆጥቷል፤ ከአልጋ ሳይወርዱ የእግር ጣቶችን በእጅ ወደ ራስ ስቦ አሥር ጊዜ ማፍታታት፣ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አለመሄድ ይረዳል። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ከተገኘ ግን የሩጫ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ያሳዩ። ደረት ሲያፍን፣ ሲያዞር ወይም ልብ ያለ ልክ ሲመታ ደግሞ ወዲያውኑ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጫማ ላይ አይቆጥቡ፤ ውድ ይሁን ማለታችን ግን አይደለም። ሲገዙ ማምሻውን ይሂዱ፤ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣል። የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው ይለኩ። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት አውራ ጣት የምታክል ክፍተት ይኑር፣ ተረከዙ አይንሸራተት። ጫማውን በእጅዎ ሲያጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች የሚታጠፉበት ላይ ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ አይሆንዎትም። ልባሽ ጫማ የሚገዙ ከሆነ ሶሉን ገልብጠው ይዩ፤ በአንድ ወገን ያለቀ ከሆነ የሌላ ሰው አረጋገጥ ይዞ ነው የመጣው። የጎኑን ስፖንጅ በአውራ ጣት ይጫኑ፤ ደርቆ አልገባ ካለ ወይም ተጨማድዶ ከቀረ ቀለሙ ቢያምርም ጥቅሙ አልቋል። ጥሩ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ክብደት ሲኖር ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለሩጫ የገዙትን ገበያ አይልበሱት።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ይጣሉት። ያወጣልዎት ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ሚዛኑ ይመለሳል። ስብ የሚቀንሰው ሰውነት ሲያቃጥለው ነው እንጂ በላብ አይወጣም። ላስቲኩ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚያፍን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ከዚያ ይልቅ የሚፋተጉትን ቦታዎች ያስቡ። ጭን ለጭን፣ ከጡት መያዣው ማሰሪያ ሥርና ብብት አካባቢ ከመውጣትዎ በፊት ቫዝሊን ይቀቡ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ታይት ከቀሚስ ወይም ከቱታ ሥር ቢለብሱ ጭን አይላላጥም። ደረትን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ የስፖርት የጡት መያዣ ያስፈልጋል፤ ካላገኙ ሁለት ደርበው ይልበሱ። እንደተመለሱ ታጥበው በቆዳ እጥፋት መካከል ያለውን በደንብ ያድርቁ፤ እርጥበት ከቆየ ፈንገስ ይይዛል።

«ሰው እንዳያየኝ» ያሉት አንጀታችንን በልቶታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሩጫ ሲባል የሚታየን ሥሥ ሰውነት ያለው አትሌት ነው፤ ከባድ ሰውነት ያለው ሰው ቱታ ለብሶ ሲወጣ አፍ የሚከፍት አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሐፍረቱ ሁለት ጊዜ ጎድቶዎታል። አንደኛ፣ ጨለማ ውስጥ አስወጣዎት፤ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ቦይም የተነሣ ኮብልስቶንም የማይታይበት ሰዓት ነው፣ የመንደር ውሾችም ገና አልተበተኑም። ሁለተኛ፣ ሰው ሲያልፍ «ስትራመድ አየኋት» እንዳይባል ያፈጥናል፤ እግር የሚጎዳውም ያኔ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ብርሃን አለ፣ ፀሐዩ አልበረታም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውና ወደ ሥራ የሚሄደው ሕዝብ መንገድ ላይ ስለሆነ ማንም እርስዎን ለይቶ አያይም። አንዲት ጓደኛ ይዘው ቢወጡ ደግሞ የምትለክፍ አፍ ትቀንሳለች፣ እያወሩ ስለሚሮጡም ፍጥነቱ በራሱ ልክ ይሆናል። ውሻ ከመጣ አይሩጡ፤ ቆመው ፊትዎን ወደ እሱ አዙረው ቀስ ብለው ይራቁ። ከነከሰዎት ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ትኩሳት ካለዎት ደግሞ፣ በተለይ ወባ በሚበዛበት ወራት፣ ተመርምረው እስኪድኑ ሩጫ የለም።

ወደ ጾሙ እንምጣ። 55 ቀኑን ጾመው መልመድ ይችላሉ። እርምጃው ብቻ ባለበት ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ 30 ደቂቃ ቢራመዱ፣ የስኳር መድኃኒት የማይወስዱ ከሆነ፣ ችግር የለውም። ሶምሶማው ሲገባ ግን ወደ ማታ ያዙሩት። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚገድፉ ከሆነ መጠነኛ ምግብና ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውኃ ወስደው፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢወጡ ሆድ አይከብድም፣ ጉልበትም አይከዳም። ውኃም ሳይቀምሱ የሚያከፍሉባቸው የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ልምምዱን ይተዉት። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ጾምና ሩጫን ማጣመር የለበትም፤ ስኳር ከ70 በታች ወርዶ መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ስለ ክብደቱ እውነቱን እንንገርዎ፦ ሩጫ ብቻውን ብዙ አያቀጥንም። አንድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው በኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ያህል ነው፤ እርስዎ 96 ካሎሪ ገደማ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 125 ካሎሪ ያህል አለው፤ እሱን ለማካካስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ይጠይቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው። የጾም ወጥ ብዙ ሰው ሳያውቅ ክብደት የሚጨምርበት በዘይቱ ነው፤ ለቤተሰቡ ሽሮ ሲሠሩ ዘይቱን ከድስቱ ላይ ሳያዩ ከማፍሰስ በማንኪያ ሰፍረው ይጨምሩ። ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላና ከአተር ያገኙታል፤ እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን ጨመር ያድርጉ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የጣና ዓሣ በእጅዎ ነው፤ ዘይት ውስጥ ከሚጠበሰው ይልቅ ለብለቡን ወይም ሾርባውን ይምረጡ። ቡናውን አንከለክልዎትም፤ ስኳሩን ግን ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ያውርዱት። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ መልካም ነው፤ በአንድ ሚዛን፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ከወጡ በኋላ ይመዘኑ። ወገብዎንም በሜትር ይለኩ፤ ለሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ወገብ ለልብና ለስኳር ሕመም እንደሚያጋልጥ ይታወቃል፤ ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ወገቡ ሲቀንስ ማየት የተለመደ ነው።

በዚህ ሳምንት እንግዲህ ሰኞ ግፊትና ስኳር ይለኩ፤ ማታውን ቅልጥምዎን በአውራ ጣት ይፈትሹ። ተዘርግቶ የሚያም ከሆነ ጠዋትና ማታ አሥር ደቂቃ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዙበት፣ የእግር ጣት ማንሣቱን ሳያምዎት በሚችሉት መጠን ይጀምሩ፤ ሲጫኑት ማሳመሙን ካልተወ ማክሰኞ አይውጡ፣ አንድ ሳምንት ይጨምሩለት። ከተወ ግን ማክሰኞ 30 ደቂቃ ይራመዱ። የግፊቱን ቁጥርና የቅልጥሙን ሁኔታ ጽፈው ቢልኩልን የአራተኛውን ሳምንት ልክ ለእርስዎ እንደሚሆን አስተካክለን እንመልስልዎታለን።